ፒፒፒኦኢ ምንድን ነው? አዲስ ራውተር ተሰክቶ ኢንተርኔቱ እምቢ ሲል

ራውተር መቀየር ሲያዩት ቀላል ነው። አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን መሰካት ነው። ታዲያ ሐዋሳ ፒያሳ ወርዳችሁ ባለ አራት አንቴናውን ገዛችሁ እንበል። ቤት ስትሰኩት ዋይፋዩ ስልክ ላይ ይታያል፣ ስልኩም ይገናኛል። ከሥሩ ግን "ኢንተርኔት የለም" ይላል። ዕቃው አልተበላሸም፣ ባለሱቁም አልሸወዳችሁም። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ፒፒፒኦኢ የሚባለው ነገር ነው።

ፒፒፒኦኢ ራውተሩ ለኢንተርኔት አቅራቢው ማንነቱን የሚያስታውቅበት ደንብ ነው። "የእገሌ መስመር ነኝ፣ ፓስወርዴም ይኸው" ይላል። አቅራቢው መዝገቡን አይቶ ያስገባዋል። ነገሩ የመጣው በስልክ መስመር እየተደወለ ኢንተርኔት ከሚገባበት ዘመን ነው። ያኔ ሰው በደወለ ቁጥር ስምና ፓስወርድ ይሰጥ ነበር። ኤዲኤስኤል፣ ማለትም በዚያው የስልክ ሽቦ ላይ ሳይደወል የሚሠራው ኢንተርኔት፣ ሲመጣ መደወል ቀረ። ኩባንያዎቹ ግን ደንበኛን በስም መለየቱን ስለወደዱት፣ ያው አሠራር በኢተርኔት ኬብል፣ ማለትም ራውተርና ኮምፒውተር በሚያያይዘው ገመድ፣ ላይ እንዲሄድ ተደረገ። ደንቡ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፋይበር ከገባ በኋላም አልለቀቀንም።

ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ጋ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ፓስወርድ አለ። አንዱ የዋይፋዩ ነው፤ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ የሚጠይቃችሁ። ሌላው የመስመሩ ነው፤ ውል ስትፈርሙ ከዩዘር ኔም ጋር የተሰጣችሁ። ይሄኛውን ፓስወርድ፣ መስመር ሊያስገባ የመጣው ባለሙያ አንዴ ራውተሩ ውስጥ ጽፎት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ዞር ብሎ ያየው የለም። አዲሱ ራውተር ታዲያ ከየት ያምጣው?

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው አሮጌው ገና ሳይነቀል ነው። ብሮውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ ካልሆነም ከሆዱ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። "ዋን" (የውጭው መስመር ማለት ነው) ወይም "ኢንተርኔት" የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ዩዘር ኔሙ ይታያል። የቪላን ቁጥር (አቅራቢው መስመሩን የሚለይበት ቁጥር) ካለ እሱም ፎቶው ውስጥ ይግባ። ፓስወርዱ ግን በነጠብጣብ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። እሱን ከውሉ ወረቀት ፈልጉ። ወረቀቱ ከጠፋ አቅራቢውን ጠይቁ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ነው። አዲሱ ላይ ስትጽፉ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል። ስልክ ደግሞ የመጀመሪያውን ፊደል በራሱ ጊዜ ትልቅ የማድረግ አመል አለው።

ከኋላ ያለችውን የሪሴት ቀዳዳ ግን ባትነኳት ይሻላል። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር መርፌ ይዞ ወደ እሷ የሚሮጥ ሰው አለ። እዚያ ውስጥ የተጫነው ቁልፍ ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። ዩዘር ኔሙም ፓስወርዱም አብረው ይጠፋሉ። ለተጨናነቀ ራውተር አጥፍቶ ማብራት በቂ ነው።

አሁን ሁሉንም በትክክል ጻፋችሁ እንበል። አሁንም "ፓስወርድ ስህተት ነው" ሊላችሁ ይችላል። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ፓስወርዱ አይደለም። ራውተሩ ሲገባ አቅራቢው ጋ ሴሽን፣ ማለትም የአንድ ጊዜ የግንኙነት መዝገብ፣ ይከፈትለታል። ሴሽኑ ቁጥር አለው፣ ከዚያው ራውተር የማክ አድራሻ (የዕቃው የራሱ መለያ) ጋርም የተያያዘ ነው። ራውተሩ በሥርዓት ሲወጣ "ጨርሻለሁ" የሚል መልእክት ይልካል፤ ሴሽኑም ይዘጋል። ገመዱን ድንገት ከሶኬት ስትነቅሉት ግን ይህን የሚልበት ጊዜ የለውም። ቁልፍ ሳያስረክብ የወጣ ተከራይ በሉት፤ ባለቤቱ አሁንም ቤቱ ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው። አንድ ስም በአንድ ጊዜ አንድ ሴሽን ብቻ ከተፈቀደለት፣ በዚያው ስም የመጣው አዲሱ ራውተር በሩ ላይ ይመለሳል።

አቅራቢው ዝም ብሎ አይጠብቅም። በየተወሰነ ጊዜ "አለህ?" እያለ ይጠይቃል። ደጋግሞ መልስ ካጣ ሴሽኑን ራሱ ይዘጋዋል። ይህ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኢንተርኔቱ አንዳንዴ የሚዘገየውም በዚሁ ነው። መፍትሔው አሮጌውን ከመንቀል በፊት ገጹ ላይ "ዲስኮኔክት" የሚለውን መጫን ነው። ቀድማችሁ ነቅላችሁት ከሆነ ቡና አፍሉና ጠብቁ። አዲሱን እያጠፉ ማብራት ምንም አያፋጥነውም። ግማሽ ቀን ከፈጀ ግን ደውላችሁ "ሴሽኑን ዝጉልኝ" በሉ። ይህን ብላችሁ ስትጠይቁ ስልኩን ያነሳው ሰው ምን እንደምትፈልጉ ቶሎ ይገባዋል።

ከተገናኘ በኋላ አንዱ ገጽ ተከፍቶ ሌላው እየዞረ ከቀረ፣ "ኤምቲዩ" የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም የአንድ ጥቅል መረጃ ትልቁን መጠን፣ እዩ። የኢተርኔት አንድ ጥቅል 1500 ባይት ይይዛል። ፒፒፒኦኢ 8ቱን ለራሱ ስለሚወስድ የሚቀረው 1492 ነው። ብዙ ራውተር ይህን ራሱ ያስተካክላል፤ ካላስተካከለ 1492 ብላችሁ ጻፉ።

ፋይበር የገባላችሁ ሰዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለባችሁ። የፋይበሩ ክር የሚገባበት ሳጥን በመለያ ቁጥሩ አቅራቢው ጋ የተመዘገበ ነው። እሱን በሌላ ሳጥን መቀየር የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ክሩንም አታጣጥፉት። አዲሱ ራውተር የሚሰካው ከእሱ ቀጥሎ ነው። ብዙ ጊዜ ስምና ፓስወርዱን የያዘው ሳጥኑ ራሱ ነው። እንዲህ ከሆነ አዲሱ ላይ ፒፒፒኦኢን ትታችሁ "ዳይናሚክ አይፒ" የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ ራውተሩ አድራሻውን ከሳጥኑ በራሱ ይቀበላል። የሳጥኑም የራውተሩም አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ ይጋጫሉ፤ የአዲሱን ወደ 192.168.0.1 ቀይሩት። ኬብሉንም ቀለሙ ለየት ያለው፣ "ዋን" የተጻፈበት ቀዳዳ ላይ ስኩት።