የሎዥባን ግጥም ትርጉምና የ«እና» ጣጣ

ሎዥባን ሰዎች አስበው የሠሩት ቋንቋ ነው። ታሪኩ ወደ 1955 እ.ኤ.አ. ይመለሳል። ያኔ ጄምስ ኩክ ብራውን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ሎግላን የሚባለውን ቋንቋ መሥራት ጀመረ። ማወቅ የፈለገው ቋንቋ የሰውን አስተሳሰብ ይቀርጽ እንደሆነ ነው። በኋላ የቋንቋው ባለቤት ማነው የሚል ጭቅጭቅ ተነሣ። ተለይተው የወጡት በ1987 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ቃላቱን እንደ አዲስ ሠሩ፤ ሎዥባን የተባለው ይኸው ነው። ከ1,300 በላይ ሥረ ቃላት አሉት። የተቀመሩትም ከማንዳሪን፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከሂንዲ፣ ከስፓኒሽ፣ ከሩሲያኛና ከዓረብኛ ድምፆች ነው።

ዋናው ሕግ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ አወቃቀር ብቻ ይኑረው የሚል ነው። ኮምፒውተር እንኳ ሳይወላውል ይተነትነዋል። ታዲያ በእንዲህ ያለ ቋንቋ ምን ግጥም ይጻፋል ያሰኛል። ይጻፋል፣ ይተረጎማልም። ተርጓሚውን ላብ የሚያስጠምቁት ጥቃቅኖቹ መስተጻምሮች፣ እንደ «እና» እና «ወይም» ሁለት ነገር የሚያያይዙት ቃላት ናቸው።

መሠረታቸው አራት አናባቢ ነው። «ኤ» ሁለቱም እውነት ናቸው ይላል። «አ» ቢያንስ አንዱ። «ኦ» ወይ ሁለቱም ወይ አንዳቸውም። «ኡ» ደግሞ የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ሁለተኛው ሆነም አልሆነ ይላል። ከፊት «ና» ሲገባ የመጀመሪያው ይገለበጣል፤ ከኋላ «ናይ» ሲከተል ሁለተኛው።

ቡና ወይስ ሻይ ብለህ በመጠየቂያው ቃል በ«ዢ» ብትጠይቅ መልሱ መስተጻምር ብቻ ሊሆን ይችላል። «ኤ» ካለህ ሁለቱንም ይፈልጋል። «ኤናይ» ካለ ቡናውን ብቻ፣ «ናኤ» ካለ ሻዩን ብቻ፣ «ናኤናይ» ካለ አንዱንም አይፈልግም። እኛ ዘንድ «ሁለቱንም» የሚል እንግዳ ያስቃል። እዚያ ግን ደንበኛ መልስ ነው።

ሌላም አለ። ሁለት ሰዎች ድንጋይ ተሸከሙ ሲባል በ«ኤ» ከተያያዙ እያንዳንዳቸው ተሸክመዋል። በ«ዦይ» ከሆነ ተጋግዘው ነው። የአማርኛው «እና» ሁለቱንም ዝም ብሎ ያሳልፋል። ተርጓሚው «አብረው» ወይም «እያንዳንዳቸው» ብሎ ልጨምር ካለ ስንኙ ይረዝምበታል። እኔ ብሆን ብዙውን ጊዜ አልጨምርም ነበር።

«ሚ ክላማ ኢዡ ሻርቪ» የሚል ስንኝ እንውሰድ። «ሚ» እኔ፣ «ክላማ» መሄድ፣ «ሻርቪ» መዝነብ ነው። «ኢ» አዲስ ዓረፍተ ነገር ያስጀምራል፤ «ዡ» ያው «ኡ» ነው። በአማርኛ «ቢዘንብም ባይዘንብም እሄዳለሁ» ይሆናል። ሁለት ነገር ተቀየረ። ሎዥባኑ መጀመሪያ ሄደ፣ ዝናቡ ኋላ መጣ፤ አማርኛው ግሡን መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ ዝናቡ ቀደመ። ደግሞ ሎዥባኑ ጊዜ አልጠቀሰም። ሄድኩም፣ እየሄድኩ ነውም ሊሆን ይችላል። አማርኛ ግን አንዱን ካልመረጥክ ግሥ አይሰጥህም።

ግጥሙ የሚተነፍስበት ቦታ «ታንሩ» የሚባለው ጥምር ነው። ቃላት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ዝምድናቸው ግን አይነገርም። «ጌርኩ» ውሻ፣ «ዝዳኒ» መኖሪያ ነው። «ጌርኩ ዝዳኒ» የውሻ ቤት ሊሆን ይችላል፣ የውሻ ቅርጽ ያለው ቤትም፣ ውሻ የሚጠብቀው ቤትም። እዚህም መስተጻምር ይገባል። «ሜልቢ» ቆንጆ፣ «ሽማሉ» ትንሽ፣ «ኒኽሊ» ልጃገረድ ነው። «ሜልቢ ሽማሉ ኒኽሊ» ብትል ውበቱ የሚገልጸው ትንሽነቷን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት መሀል «ዤ»ን፣ ያውም «ኤ»ን፣ ብታስገባ ልጅቷ ቆንጆም ትንሽም ናት። በአማርኛ ሁለቱም «ቆንጆ ትንሽ ልጅ» ሆነው ቁጭ ይላሉ።

ወደ ሎዥባን መተርጎም ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፣ በተለይ ለሰምና ወርቅ። የኛ ቅኔ ብዙ ጊዜ የሚጫወተው በቃል አቆራረጥ ነው። አንድ ድምፅ ሲጠብቅ ሌላ፣ ሲላላ ሌላ፤ ሲነጣጠል ሌላ፣ ሲገጠም ሌላ ይሆናል። ሎዥባን ውስጥ ይህ ቀዳዳ ሆን ተብሎ ተደፍኗል። የሚሰማው ድምፅ ወደ ቃላት የሚቆረጠው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ወርቁን በድምፅ መደበቅ አይቻልም። ተርጓሚው የቀረው መሸሸጊያ ያው ታንሩ ነው፤ እዚያ አንዱን ጥምር ሁለት አንባቢ በሁለት መንገድ ቢፈታው ሰዋስው ሊዳኛቸው አይችልም።