ጥሪ ላይ ኮከብና መሰላል፦ የሚወራውና እውነታው

«የዚህ ስልክ ቁልፍ ሞቷል። የአገልግሎት መስመር ስደውል ማሽኑ 1 ይጫኑ ሲለኝ ብጫን ብጫን ድምፅ የለውም።» ስልክ የሚጠግን ሰው ይህን ሳይሰማ የሚያልፈው ሳምንት የለም። ተቀብዬ አየዋለሁ። ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ የተዘጋው ድምፁ ብቻ ነው። «ይሠራል እኮ» ስላቸው ክርክር ይጀመራል። «ማሽኑ ድምፁን ካልሰማ በምን ያውቃል?» ይሉኛል። ይህን ክርክር ስለሰለቸኝ በጽሑፍ ልገላገለው። እግረ መንገዴን ጥሪ ላይ ስለሚጫኑ ምልክቶች የሚወሩ ሌሎች ነገሮችንም አነሳለሁ።

«የቁልፉ ድምፅ ካልወጣ ማሽኑ አይቀበልም»

ይህ እምነት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከቤት ስልክ ነው የመጣው። እዚያ ላይ እውነት ነበር። የአሜሪካው ቤል የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ባለ ቁልፍ ስልክ ለደንበኞች ሲያቀርብ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፆችን በአንድ ጊዜ እያወጣ በሽቦው ይልክ ነበር። ያኔ ቁልፎቹ 10 ብቻ ነበሩ። ኮከብ (*) እና መሰላል (#) የተጨመሩት በ1968 ነው። ኮከብ 941 እና 1209 ኸርዝ አንድ ላይ ነው፤ መሰላል ደግሞ 941 እና 1477። ድምፆቹ ጥንድ የሆኑት ሰው ሲያወራ ወይም ሲያፏጭ በአጋጣሚ ቁልፍ የተጫነ እንዳይመስል ነው። አሠራሩ ዲቲኤምኤፍ ይባላል።

ሞባይል ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በተለመደው የሞባይል ጥሪ መሰላልን ስትነኩ ስልካችሁ ድምፅ አይልክም። «መሰላል ተጫነ» የሚል አጭር ትእዛዝ ለኔትወርኩ ይልካል። ጣታችሁን ስታነሱ «ተለቀቀ» የሚል ይከተላል። ድምፁን ራሱን ፈጥሮ ለወዲያኛው ማሽን የሚያሰማው የቴሌው ማዞሪያ ነው። በ4ጂ በሚሄድ ጥሪ መንገዱ ትንሽ ይለያል። እዚያ ቁልፉ ከንግግሩ ተለይቶ፣ የራሱ ምልክት ተደርጎበት፣ እንደ ዳታ ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ በማይካችሁ የሚያልፍ ነገር የለም። ጆሯችሁ ላይ ጢጥ የምትለው ድምፅ ለእናንተ ብቻ የተሰጠች ናት። ከሴቲንግ ብታጠፏት ማሽኑ አያውቅም፤ ግድም የለውም።

ካላመናችሁኝ ራሳችሁ ሞክሩት። የሆነ አገልግሎት ላይ ደውሉ፣ ማይኩን ሚዩት አድርጉት፣ ከዚያ ቁጥር ተጫኑ። ማሽኑ ይታዘዛል።

ይህን ባለማወቅ ሰው ስንት ገንዘብ ያወጣል! አንድ አባት ስልካቸውን ይዘው መጡ። «ቁጥር አልቀበልም አለኝ» ብለው ሌላ ጥገና ቤት ወስደውት ማይክ ተቀይሮላቸዋል። ሰው ሲያናግሩ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማ እንደነበር ራሳቸው ነገሩኝ። ታዲያ ማይኩ ምን አጠፋ? እዚያው ፊቴ እንዲደውሉ አደረግኩ። ማሽኑ «ቁጥሩን አስገብተው መሰላልን ይጫኑ» ይላል። እሳቸው ቁጥሩን አስገብተው ይጠብቃሉ። መሰላሉን አልተጫኑም። በቃ፣ ችግሩ ይኸው ነበር።

ከሌላ ስልክ ላይ የቁልፍ ድምፅ እያሰሙ ማይኩ ላይ የሚያስጠጉም አሉ። የሞባይል ጥሪ ድምፅን የሚጨምቀው ለሰው ንግግር እንዲመች አድርጎ ነው። ያንን ጥንድ ድምፅ ሊያበላሸው ይችላል። ቁልፉ እጃችሁ ላይ እያለ ለምን ትደክማላችሁ?

«ጫጫታ ካለ ቁጥሩ አይሄድም»

ከላይ ያለውን ያነበበ ይህን አይጠይቀኝም። በንግግር እንድትመልሱለት የሚጠይቅ ማሽን ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ በርግጥም ጸጥታ ይፈልጋል።

«ባለ ኪቦርድ ስልክ ላይ ለቁጥር ሁልጊዜ አልት መያዝ አለብኝ»

ይህ የብላክቤሪ ወዳጆች ጣጣ ነው። ኩባንያው ለድሮዎቹ ስልኮቹ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 2022 አቁሟል። ቢሆንም ከብላክቤሪዬ አልላቀቅም የሚሉ ሰዎች አሉ። አልፈርድባቸውም። እንደዚያ ለጣት የሚመች ኪቦርድ እስካሁን አላየሁም።

መልእክት ስትጽፉ የደብሊው ቁልፍ ላይ ያለችውን 1 ለማግኘት አልት (Alt) የሚለውን ቁልፍ ትይዛላችሁ። ትክክል ነው። ጥሪ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስልኩ ጥሪ ላይ መሆናችሁን ስለሚያውቅ ቁልፉን ዝም ብላችሁ ስትጫኑት ቁጥሩን ይልካል። አልት ከያዛችሁ ፊደል ልትልኩ እንደፈለጋችሁ ይቆጥራል። ፊደል ደግሞ የራሱ ድምፅ የለውም። በተራ ስልክ ላይ በሰፈረበት ቁጥር ይተካል፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ በ2፤ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ በ3፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ደብሊው ያለችው 9 ላይ ነው። ስለዚህ 1 ልጫን ብላችሁ አልትን ከደብሊው ጋር ስትይዙ ለማሽኑ የሚደርሰው 9 ነው። 2 የተጻፈባት ኢ ናት፤ አልት ከያዛችሁ 3 ትሆናለች። አንዲት ደንበኛዬ «2 ስጫን የማልፈልገውን ቋንቋ ያመጣብኛል፤ ስልኬ ተጠልፏል» ብላ መጥታ ነበር። የጠለፋት የራሷ አውራ ጣት ነው።

ቦልድና ከርቭ በሚባሉት ብላክቤሪዎች ላይ መሰላል ያለችው ኪው ቁልፍ ላይ ነው፤ ኮከብ ደግሞ ኤ ላይ። ጥሪ ላይ ብቻቸውን ተጫኗቸው። አልት ከጨመራችሁ ኪው 7 ሆና፣ ኤ 2 ሆና ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ «መሰላል ብጫንም አይሰማም» ማለት ይመጣል።

አልት በትክክል የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፦ የቢሮው ማሽን «የሚፈልጉትን ሰው ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ያስገቡ» ይላል። ያኔ አልት ይዛችሁ ስሙን መጻፍ ነው። በተች ስልክ የምትደውሉ ደግሞ ከቁጥሮቹ ሥር ያሉትን ትናንሽ ፊደላት ተመልከቱ። የሜሴጅ ኪቦርድ ከፍታችሁ እንዳትጽፉ፤ እሱ የትም አይሄድም።

«ኪቦርዱ ላይ ያለ ምልክት ሁሉ ይላካል»

አይላክም። ያሉት ድምፆች 16 ብቻ ናቸው፦ ከ0 እስከ 9፣ ኮከብ፣ መሰላል፣ እና በተራ ስልክ ላይ የማናያቸው አራት የፊደል ቁልፎች። @ የለም። ጥያቄ ምልክት የለም። ፩ እና ፪ም የሉም፤ ተጠይቄ ስለማውቅ ነው የምነግራችሁ።

«ተሳስቼ ከነካሁ አጠፋዋለሁ»

ጥሪ ላይ ማጥፋት የሚባል ነገር የለም። ቁልፉን የነካችሁ ጊዜ ሄዷል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር የላካችሁት ነገር ማስታወሻ እንጂ ገና የሚላክ ጽሑፍ አይደለም። አንዳንድ ማሽን ኮከብን ለመሰረዝ ወይም ወደ ኋላ ለመመለስ ይጠቀምበታል፤ ሌላው ለሌላ ነገር። የሚለውን አዳምጡ። ካልሆነ ዘግቶ እንደገና መደወል ይሻላል።

«መሰላሉን ብተወውም ያው ነው»

አንድ አሃዝ ብቻ ሲጠየቅ ያው ነው። የቁጥሩ ርዝመት ከሰው ሰው ሲለያይ ግን ማሽኑ እንደጨረሳችሁ በምን ያውቃል? መሰላል «ጨርሻለሁ» ማለት ነው። ካልተጫናችሁ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል። ከዚያ ወይ ራሱ ይቀጥላል፣ ወይ ማይክ እንዳስቀየሩት አባት ያስጨንቃችኋል።

«*804# ጥሪ ላይ ብጽፈውም ቀሪ ሒሳብ ይነግረኛል»

በጥሪ ኪፓድ ላይ ከሆነ የምታናግሩትን ሰው ጆሮ ብቻ ነው የምታደነቁሩት። *804#ም ሆነ የቴሌብሩ *127# ዩኤስኤስዲ ናቸው። መደወያው ላይ ተጽፈው፣ አረንጓዴው ተነክቶ፣ ለኔትወርኩ በጽሑፍ የሚሄዱ ናቸው። መልሱም በጽሑፍ ይመጣል። እዚያ ሳጥን ውስጥ ተሳስቶ ማጥፋት ይቻላል፣ ላክ እስክትሉ ምንም አይሄድም። ኮከብና መሰላሉ አንድ መሰለና ሰው ሁለቱን ያቀላቅላቸዋል። *#06# ደግሞ ከሁለቱም አይደለም። ከስልኩ አይወጣም፤ ስልኩ ራሱ ነው 15 አሃዝ ያለውን መለያ ቁጥሩን የሚያሳያችሁ።

«ጥሪ ላይ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ስልኩ ሞቷል»

ጆሮ ማድመጫው አጠገብ ፊታችሁን የሚያይ ሴንሰር አለ። ጉንጫችሁ ቁልፍ እንዳይነካ ስክሪኑን ያጠፋዋል። ስልኩን ከፊታችሁ ስታርቁት ይበራል። ካልበራ ወፍራም ስክሪን ፕሮቴክተር ወይም አቧራ ሴንሰሩን ሸፍኖት እንደሆነ እዩ። ስክሪን ከማስቀየራችሁ በፊት ማለቴ ነው። ላውድ ላይ አድርጎ ኪፓድ የሚለውን ከፍቶ መጫን ደግሞ ከሁሉም ይቀላል።

«ስልክ ቁጥር ውስጥ ኮማ አይገባም»

ይገባል፤ ያውም ይጠቅማል። አንድሮይድም አይፎንም ላይ ኮማ ማለት «ሁለት ሰከንድ ያህል ቆይተህ ቀጥል» ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ከላይዋ ነጥብ ያላት (;) ደግሞ «እኔ እሺ እስክል ጠብቅ»። አይፎን ላይ ኮከብን ይዛችሁ ስትቆዩ ኮማ ይመጣል፤ መሰላልን ስትይዙ ሌላኛዋ። በኮሊንግ ካርድ ወደ ሀገር ቤት የምትደውሉ ሰዎች የመግቢያ ቁጥሩን፣ ሁለት ኮማ፣ የካርዱን ቁጥርና መሰላሉን በአንድ ስም መዝግቡት። በየጊዜው ከካርዱ ጀርባ እያዩ መጫን ይቀራል።

«#90 ከተጫናችሁ ሲማችሁን ይገለብጡታል»

በየግሩፑ የሚዞር ወሬ ነው። ከአንዳንድ የቢሮ ስልክ ማዞሪያዎች የተነሳ ነው፤ እዚያ 90# መጫን ለደዋዩ የውጭ መስመር ሊከፍትለት ይችል ነበር። የእጅ ስልካችሁ ላይ ጥሪ መሃል ስትጫኑት ሦስት ድምፆች ናቸው። ሲም አይገለብጡም።

እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው፣ ሰው ደግሞ እሱን አያወራም። የማታውቁት ሰው ደውሎ «ፒንዎን ኪፓዱ ላይ ያስገቡ» ካለ አታስገቡ። ድምፆቹ ለእሱ ይደርሳሉ፤ ቀድቶ ወደ ቁጥር መመለስ ቀላል ነው። ሁለተኛው፦ «ስልኩን ዘግተው *21* ብለው፣ ይህን ቁጥር ጨምረው፣ መሰላል ብለው ይደውሉ» የሚል ነው። ይህ ወደ እናንተ የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ ወደ እሱ ቁጥር የሚያዞር ኮድ ነው። ጥሪያችሁ ዞሮ እንደሆነ *#21# ብላችሁ እዩ። ዞሮ ካገኛችሁት ##002# ዝውውሩን በሙሉ ያነሳዋል፤ ከዚያ ወዲያው ባንካችሁ ጋ ደውሉ።