የወሎ ጠላ፦ የእህሉ፣ የጋኑና የጠመቃው ዳሰሳ

ጠላ ከእህል፣ ከብቅልና ከጌሾ በቤት የሚጠመቅ መጠጥ ነው። በወሎ ከላስታ ደጋ እስከ ቆቦ ሜዳ፣ ከአምባሰል እስከ ወረኢሉ ለማኅበር፣ ለሰንበቴ፣ ለዝክርና ለሠርግ፣ በአዝመራ ወቅትም ለደቦ ይጠመቃል። ሙያው የሴቶች ነው፤ ልጅ ከእናቷ ጎን ብቅል እየገለበጠች፣ እንኩሮ እያመሰች ትማረዋለች። በከተማ ደግሞ ብዙ እናቶች ቤተሰብ የሚያስተዳድሩበት ሥራ ነው፤ ደጃፍ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ጠላ መኖሩን ይናገራል።

እህሉና ብቅሉ

በደጋው፣ ማለትም በመቄት፣ በዋድላ፣ በደላንታና በለጋምቦ፣ የጠላ እህል ገብስ ነው። ቆቦና ራያ ማሽላ ያስገባሉ። በወይና ደጋው ስንዴ፣ በቆሎና ማሽላ እንደ ዓመቱ አዝመራ ይቀላቀላሉ። የማሽላ ጠላ ወፈር ይላል፤ የገብሱ ቀለል ብሎ ይጠራል። የደጋ ገብስ ሲቆላ የሚሰጠው ሽታ በሌላ እህል አይገኝም።

እህሉ ምንም ይሁን ምን ብቅሉ ከገብስ ወይም ከስንዴ ይሠራል። እህሉ ሲበቅል የሚያወጣቸው ኢንዛይሞች የቀረውን ዱቄት ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ፤ እርሾው አልኮል የሚያደርገው ይህንኑ ስኳር ነው። ብቅሉ ከተበላሸ ጌሾም ሆነ ጋን ጠላውን አያድነውም።

ለብቅል ያልነቀዘና ያልተሰበረ እህል ይመረጣል። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተነክሮ ውሃው ይጠነፈፋል፤ ከዚያ በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ላይ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ተነጥፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ድንጋይ ይጫነዋል። ቆላ ላይ በሦስተኛው፣ ደጋ ላይ በአምስተኛው ቀን ገደማ ሥሩ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ምንጣፍ ይነሳል። ነጩ ቡቃያ ከፍሬው ርዝመት ሳያልፍ መነሳት አለበት፤ አረንጓዴ ቅጠል ካወጣ ስኳር የሚሆነውን ራሱ በልቶታል። በየቀኑ ተከፍቶ ካልታየ መሐሉ ይግልና ይሻግታል። የሻገተ ብቅል ይጣላል እንጂ ታጥቦ አይገባም፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፣ መርዙም በመታጠብ አይለቅም። ጥሩው ብቅል በፀሐይ ይደርቃል። በእሳት ማድረቅ ኢንዛይሙን ስለሚገድለው ጠላው ሳይፈላ ይቀራል።

ጌሾ

ጌሾ በጓሮ የሚተከል ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ እንጨቱ ተቆራርጦ ይደርቃል። መራራነቱ ጌሾይዲን ከተባለ ውህድ የሚመጣ ሲሆን፣ ጌሾ ለጠላ፣ ሆፕስ የተባለው መራራ አበባ ለፋብሪካ ቢራ የሚሰጠውን አገልግሎት ይሰጣል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎችንም ይገታል። ጌሾ ማብዛት ጠላ አያጠነክርም፤ ምላስ የሚይዝ፣ ሆድ የሚያላላ ጠላ ያወጣል። ጥንካሬ ከእህልና ከብቅል ነው።

ጋኑ

የጠላ ጣዕም ግማሹ ጋን ነው። አዲስ ጋን ሳይሟሽ ውሃ ያልባል፤ ጥቂት ቀናት አተላ ሞልተው ያቆዩታል፣ የሸክላው ቀዳዳም ይደፈናል። ያገለገለ ጋን በግራዋ ቅጠል እየታሸ፣ የመጨረሻው ውሃ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ይታጠባል። ሳሙና አይነካውም፤ ሸክላው ሽታውን ይዞ ያስቀራል።

ቀጥሎ ይታጠናል። የወይራ ስንጥር በፍም ላይ ይደረግና ጋኑ በሦስት ድንጋይ ላይ ተደፍቶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጢሱን ይጠጣል። ሆዱ በእጅ ሲዳሰስ ሲሞቅና ከውስጥ ወዝ ሲያወጣ በቅቶታል። ጢሱ በግድግዳው ላይ የቀሩትን ተሕዋስያን ይቀንሳል፣ ለጠላውም ያን የወይራ ቃና ይሰጠዋል። ስንጥሩ እርጥብ ከሆነ ጢሱ ይመራል፣ ጠላውም ጥላሸት ጥላሸት ይላል።

ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ ጀሪካንና የፕላስቲክ በርሜል ጋኑን እየተኩት ነው። ፕላስቲክ አይታጠንም፤ ከተጫረም ጭረቱ ውስጥ የኮምጣጤ ባክቴሪያ ይደበቃል። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ፈጽሞ ለጠላ አይሆንም። የአሉሚኒየም ድስትም ቢሆን ጠላ እንዳያድርበት ይመከራል፤ አሲዱ ብረቱን ያነሳዋል።

ጠመቃው

ወደ 40 ሊትር ጠላ ለማውጣት ግማሽ ኪሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል፣ አንድ ኪሎ የጌሾ እንጨት፣ ሁለት ኪሎ ብቅል፣ ሦስት ኪሎ የቂጣ ዱቄትና ሰባት ኪሎ አሻሮ፣ ማለትም ተቆልቶ የተፈጨ እህል፣ ይበቃል። መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል።

መጀመሪያ ይጠነሰሳል። የጌሾው ቅጠል በታጠነው ጋን ውስጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሊትር ውሃ ይጨመርበትና ተከድኖ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ከዚያ ወፈር ብሎ የተጋገረው ቂጣ ቀዝቅዞ፣ ተቆራርሶ ከብቅሉ ጋር ይገባል። ቂጣው ሳይቀዘቅዝ ከገባ እርሾውን ይገድላል፤ የብዙ ጀማሪዎች ጠላ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የተገዛ እርሾ አይጨመርም። ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ የሚመጡት እርሾዎች፣ በተለይም ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ፣ ሥራውን ይሠራሉ፤ ላክቶባሲለስና ዘመዶቹ የተባሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ ለስላሳውን ኮምጣጣነት ይሰጣሉ።

በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ድፍድፉ ይሠራል። የአሻሮው ዱቄት በጥቂት ውሃ ተለውሶ ምጣድ ላይ ሲታመስ እንኩሮ ይሆናል። በቅቶታል የሚባለው በእፍኝ ተይዞ ሲጨበጥ ተጣብቆ ሲይዝ፣ በጣት ሲነካ ደግሞ ፍርፍር ሲል ነው። እጅ ላይ ከለቀለቀ ውሃው በዝቷል፤ ጋን ውስጥ ሊጥ ሆኖ ይረጋል፣ ጠላውም አይጠራም። የጠላው ቀለም የሚወሰነውም እዚህ ነው፦ አሻሮው ቡና ሊመስል እስኪል ከተቆላ ጥቁር ጠላ፣ ገና ሲቀላ ከወረደ ነጣ ያለ ጠላ ይወጣል። እንኩሮው ሲበርድ ከጌሾው እንጨት ጋር ወደ ጋኑ ይገባና፣ እንደ ቀጭን ገንፎ እስኪሆን ውሃ እየተጨመረ በረጅም እንጨት ይማሰላል።

እንጨቱ ከቅጠሉ ጋር ከመጀመሪያው ይግባ ወይስ ከድፍድፉ ጋር የሚለው አያስማማም። ከድፍድፉ ጋር የሚያስገቡት ምሬቱ ይለዝባል ይላሉ፤ ምናልባት ትክክል ናቸው።

ድፍድፉ ሲነሳ ጆሮ ወደ ጋኑ አፍ ቢጠጋ እንደ ዝናብ ካፊያ ድምፅ ይሰማል፤ የበራ ክብሪት ቢቀርብም ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተነሳ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ አፉ ጥብቅ ተደርጎ አይዘጋም። የቆይታው ርዝመት በከፍታ ይወሰናል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው የሚያገኟት ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር አካባቢ፤ ደሴ ላይ አምስትና ስድስት ቀን የሚወስድ ድፍድፍ ኮምቦልቻ ላይ በሦስት ወይም በአራት ቀን ይደርሳል። በክረምት ደጋ ላይ ጋኑን ወደ ምድጃው ማስጠጋት ወይም በጋቢ መጠቅለል የተለመደ ነው።

ድምፁ ጋብ ሲልና ድፍድፉ ወደ ታች ሲወርድ ውሃው ተሞልቶ ጠላው ይጠመቃል። የጋኑ አፍ ተከድኖ ከአመድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይመረጋል፤ አሁን አሁን ፌስታል ታስሮበት ክዳን ይደፋበታል። ከሁለት እስከ አምስት ቀን ከተኛ በኋላ ከላይ የጠራው በዝግታ ተቀድቶ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። በጥናቶች የተለካው የጠላ አልኮል በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 በመቶ ነው።

የሚያበላሹት

የተከፈተ ጋን በሁለትና በሦስት ቀን ይኮመጥጣል፤ አየር ሲገባ አልኮሉ ወደ ኮምጣጤ ይለወጣል። ስለዚህ ትልቅ ጋን ከተከፈተ በአንድ ቀን መጠጣት ወይም ወደ ትንንሽ እንስራ ሞልቶ መክደን ይሻላል። ሳይበስል የተቀዳ ጉሽ ጠላ ሆድ ይነፋል፤ በጀሪካን ከተዘጋም ክዳኑን ይፈነቅላል። ላዩ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ከታየ አየር ገብቶታል፤ ቶሎ ከተገፈፈና ከተጠጣ ጉዳት የለውም የሚሉ አሉ። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ከሆነ ግን ይደፋል።

ቅራሪ፣ አረቄና አተላ

የመጀመሪያው ጠላ ከወጣ በኋላ በድፍድፉ ላይ እንደገና ውሃ ሲሞላ ቅራሪ ይገኛል። ቀጭን ነው፤ ለእረኛና ለእርሻ ሰው ጥም መቁረጫ ይሆናል። ጠንከር ብሎ ለብቻው የተዘጋጀ ድፍድፍ ወደ አረቄ ይሄዳል። የቀረው አተላ የላም መኖ ነው፤ በአንድ ጊዜ በብዛት ከተሰጠ ግን ከብቱን ይነፋዋል።

ቀሪቦ

ወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ተዋልደው የሚኖሩበት አገር ነው፤ ድግስ የሚደግስ ሰው ሥጋውን ለሁለት እንደሚያሳርድ ሁሉ መጠጡንም ለሁለት ያሰናዳል። ከጠላው ጎን የሚቆመው ቀሪቦ ነው። ጌሾ የለበትም። ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ገብስ በውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈላል፣ ይጠለላል፤ ለብ ሲል ስኳርና በጣም ጥቂት የዳቦ እርሾ ተጨምሮበት ያድራል። ለ20 ሊትር አንድ ኪሎ ገብስ፣ አንድ ተኩል ኪሎ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ በቂ ነው። ውሃው ሳይበርድ እርሾ ከገባ አይነሳም፤ እርሾ ከበዛ ደግሞ ሊጥ ሊጥ ይሸታል። ያደረ ቀሪቦ ጣፋጭና አረፋማ ነው፤ ሲቆይ ስኳሩ ወደ አልኮል ስለሚሄድ ጥንቁቅ ቤቶች ማታ ጨምረው በማግስቱ ረፋድ ያቀርቡታል፣ የተረፈውንም ለሦስተኛ ቀን አያሳድሩም።