የ16 ግሩፕ ገደብ ምንድን ነው?

«ኤንኤፍኤስ ሠራተኛ ሲበዛ አይችልም፤ ተለቅ ያለ ሰርቨር ግዙ» የሚለው ምክር አዲስ አይደለም፤ ኤንኤፍኤስ የአንድን ሰርቨር ፋይሎች በኔትወርክ ለብዙ ኮምፒውተሮች የሚያጋራ ሥርዓት ነው። በቅርቡ ግን እዚሁ አዳማ፣ ሥዕሎቹን በአንድ ፋይል ሰርቨር ላይ ለሚያስቀምጥ የዲዛይን አማካሪ ድርጅት ይኸው ምክር በጽሑፍ ሲሰጥ በማየቴ ዝም ማለት አልቻልኩም። የቀረበው አቤቱታ አዲስ ፕሮጀክት ላይ የተመደበ ነባር መሐንዲስ የፕሮጀክቱን ፎልደር ሲከፍት «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይለዋል፣ ከጎኑ የተቀመጠው ጀማሪ ግን በዚያው ቅጽበት ይከፍተዋል የሚል ነበር። ራም ወይም ዲስክ ቢያንስ ኖሮ ሁለቱም ይንቀራፈፍባቸው ነበር እንጂ ነባሩ ብቻ ተለይቶ አይከለከልም ነበር።

ነባሩ የሚከለከለው በብዙ ፕሮጀክቶች ላይ ስለሠራ፣ በዚህም የተነሣ የብዙ ግሩፖች (ፎልደር የመክፈት ፈቃድ በጋራ የሚሰጣቸው የተጠቃሚዎች ስብስቦች) አባል ስለሆነ ነው። ኤንኤፍኤስ አርፒሲ በሚባለው፣ አንድ ኮምፒውተር ከሌላው አገልግሎት በሚጠይቅበት ዘዴ ላይ የሚሄድ ሲሆን፣ ኦውዝ-ሲስ በሚባለው የተለመደ የማንነት መግለጫ ክላየንቱ (የሠራተኛው ኮምፒውተር) ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር የተጠቃሚውን ቁጥር፣ ዋና ግሩፑን እና ቢበዛ 16 ተጨማሪ ግሩፖችን ይልካል። ይህን «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ እንደሚጻፍ የቀበሌ ደብዳቤ ልንወስደው እንችላለን፤ ቅጹ ላይ ያሉት መስመሮች 16 ብቻ ናቸው፣ ሲሞሉም ጸሐፊው «ይቀጥላል» ሳይል ያቆማል። በር ላይ ያለው ጥበቃ ያላነበበውን ስም ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ጥበቃውን በጎበዝ ሰው መተካት ምንም አይለውጥም።

በሊኑክስ ክላየንት ላይ ነገሩን ይበልጥ አሳሳች የሚያደርገው ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ግሩፖቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ደርድሮ የመጀመሪያዎቹን 16 ብቻ መላኩ ነው። አዲስ ግሩፕ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ቁጥር ስለሚሰጠው፣ ተቆርጦ የሚቀረው ሰውየው ዛሬ የሚፈልገው አዲሱ ፕሮጀክት ይሆናል። አስተዳዳሪው በክላየንቱ ላይ የተጠቃሚን ግሩፖች የሚዘረዝረውን የአይዲ ትዕዛዝ ሲያስኬድ ደግሞ ሁሉም ግሩፖች ተሟልተው ይታያሉ፤ ሊኑክስ ራሱ ከ2.6.4 ከርነል ጀምሮ ለአንድ ተጠቃሚ እስከ 65,536 ግሩፕ ስለሚፈቅድ እዚያ ላይ ስህተት አይገኝም። ቆረጣው የሚፈጸመው መልእክቱ ወደ ኔትወርኩ ሲወጣ ነው።

ምክሩን የጻፉት ሰው «ወደ ኤንኤፍኤስ 4 ብትሸጋገሩም ይፈታል» የሚል ነጥብ ጨምረዋል። አይፈታም። ገደቡ ያለው ከኤንኤፍኤስ በታች ባለው አርፒሲ ውስጥ ስለሆነ፣ 4ኛውን ትውልድ በኦውዝ-ሲስ እስከተጠቀምን ድረስ 16ቱ መስመሮች አብረውን ይሄዳሉ። ቅጹን ማስረዘምም ቀላል አይደለም፤ አርፒሲ ለማንነት መግለጫው የሚፈቅደው ቦታ 400 ባይት ሲሆን፣ የክላየንቱ ስም እስከ 255 ባይት ሊወስድ ስለሚችል ከ16ቱ በተጨማሪ በእርግጠኝነት የሚገባው 15 ግሩፕ ብቻ ነው። ያውም ሁሉም ክላየንትና ሁሉም ሰርቨር በአንድነት ከተስማሙ ነው።

ሌሎች ፎልደሩ ላይ ኤሲኤል (ለማን ምን እንደሚፈቀድ የሚገልጽ ተጨማሪ ዝርዝር) ይጨምራሉ። ኤሲኤሉ የግሩፕ ስም ከያዘ የሚመዘነው በዚያው በተቆረጠው ዝርዝር ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ስም ከያዘ በእርግጥ ይሠራል፣ ነገር ግን ግሩፕ የተፈለገበት ምክንያት ይጠፋል። ፎልደሩን ለማንም ሰው ሙሉ በሙሉ ስለሚከፍተው 777 የሚባል ፈቃድ ምንም ባልል እመርጣለሁ።

ትክክለኛው መፍትሔ የአባልነት ዝርዝሩን ከክላየንቱ አለመጠበቅ ነው። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ማውንትዲ (የኤንኤፍኤስ ሰርቨር አጋዥ ፕሮግራም) ማኔጅ-ጂአይዲስ በሚባለው አማራጭ ሲነሣ፣ ሰርቨሩ ከክላየንቱ የመጣውን ዝርዝር ትቶ የተጠቃሚውን ቁጥርና ዋና ግሩፑን ብቻ ይወስድና ተጨማሪ ግሩፖቹን ራሱ ይፈልጋል፤ ይህም ከ2.6.21 ከርነል ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ጥበቃው ከደብዳቤው ላይ ስሙን ብቻ አንብቦ የቀረውን ከመዝገብ ቤት ያጣራል እንደ ማለት ነው። መዝገቡ ግን የሰርቨሩ መሆኑ አይዘንጋ፦ በክላየንቱ ላይ ብቻ የተፈጠረ ግሩፕ ከዚያ በኋላ አይቆጠርም፣ ተጠቃሚው በሰርቨሩ ወይም ሰርቨሩ በሚጠይቀው ዳይሬክተሪ (የተጠቃሚዎችና የግሩፖች ማዕከላዊ መዝገብ) ውስጥ ከሌለም ተጨማሪ ግሩፖቹን ሁሉ ያጣል። ዋናው ግሩፕ አሁንም ከክላየንቱ ስለሚወሰድ፣ ዋናውን ግሩፕ ለጊዜው የሚቀይረው ኒውግረፕ የሚለው ትዕዛዝ እንደ ድሮው ይሠራል፤ ሰርቨሩ እስኪስተካከል ለተቸገረ ሠራተኛም ጥሩ ጊዜያዊ መሻገሪያ ነው።

ሰርቨሩ ያገኘውን መልስ በመደበኛው ቅንብር ለ30 ደቂቃ ይዞ ስለሚቆይ፣ ዛሬ ግሩፕ ውስጥ የገባ ሰው ወዲያው ካልተፈቀደለት መደናገጥ አያስፈልግም፤ ከሥራ የተሰናበተ ሰውም በዚያው ልክ ሊቆይ እንደሚችል ግን መታወቅ አለበት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፋይል ሰርቨሩ ከዳይሬክተሪው ቀድሞ ከተነሣም ፍለጋው መልስ ያጣል፤ ስለዚህ የአነሣሣቸው ቅደም ተከተል አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ይህ ሁሉ የሚፈታው የመስመሩን ማነስ እንጂ የደብዳቤውን እውነተኛነት አይደለም። በኦውዝ-ሲስ ሰርቨሩ የተጠቃሚውን ቁጥር ያለ ማኅተም ይቀበላል፤ ሩትን (ሙሉ ሥልጣን ያለውን ተጠቃሚ) የሚከለክለው ቅንብርም ቢሆን በራሱ ላፕቶፕ ላይ የሌላ ሰው ቁጥር ለራሱ የሰጠን ሰው አያስቆምም። ይህ የሚያሳስበው ድርጅት ወደ ኬርቤሮስ (ማንነትን በምስጢር ቁልፍ ወደሚያረጋግጠው ሥርዓት) መሸጋገር ይኖርበታል፤ በዚያ መንገድ የግሩፕ ዝርዝር ከክላየንቱ ስለማይላክ የ16ቱ ገደብም አብሮ ይቀራል፣ በምትኩ ግን የሁሉም ኮምፒውተሮች ሰዓት መገጣጠም ይኖርበታል።