ክሪፕቶከረንሲ በጀርመንና በሕንድ፦ ሕጉና ግብሩ

ጀርመን ውስጥ አንድ ግለሰብ ከክሪፕቶከረንሲ (ቢትኮይንን ከመሰለ ዲጂታል ገንዘብ) ላገኘው ትርፍ ግብር መክፈል አለመክፈሉን የሚወስነው ጊዜ ነው። ሕጉ ቢትኮይንንና መሰሎቹን እንደ ወርቅ ሁሉ የግል ንብረት አድርጎ ስለሚያይ፣ ከአንድ ዓመት በላይ አቆይቶ የሸጠ ሰው ትርፉ የቱንም ያህል ቢሆን ግብር የለበትም። ዓመት ሳይሞላው ከሸጠ ግን ትርፉ ከደመወዙና ከሌላ ገቢው ጋር ተደምሮ፣ እስከ 45 በመቶ በሚደርሰው የገቢ ግብር ይሰላበታል። ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በዓመት ከ1,000 ዩሮ በታች የሆነ ትርፍ ነጻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ትርፉ 999 ዩሮ ከሆነ ምንም አይከፈልም፤ 1,000 ከሞላ ግን ግብሩ ከመጀመሪያዋ ዩሮ ጀምሮ በጠቅላላው ላይ ይታሰባል። አንዱን ሳንቲም (የክሪፕቶ ዓይነት) በሌላ መለወጥም እንደ ሽያጭ ስለሚቆጠር፣ የአዲሱ ሳንቲም ዓመት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ሕንድ በክሪፕቶ ላይ ግብር ወደ መጣል የደረሰችው በውጣ ውረድ ነው። ማዕከላዊ ባንኩ በኤፕሪል 2018 ባንኮች ክሪፕቶ የሚነግዱትን እንዳያስተናግዱ ከለከለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2020 ክልከላውን ሻረው። ከዚያ የገንዘብ ሚኒስትሯ ኒርማላ ሲታራማን ባቀረቡት በጀት፣ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ከትርፉ 30 በመቶ እንዲከፈል ተደረገ። አንድ ቀንም ያቆይ አሥር ዓመት ልዩነት የለውም።

ክብደቱ የሚታየው ሲሰላ ነው። በ1 ሚሊዮን ሩፒ የገዛውን በ1.5 ሚሊዮን የሸጠ ሰው ከግማሽ ሚሊዮኑ ትርፍ 150,000፣ በዚያ ላይ የጤናና የትምህርት መዋጮ 4 በመቶ ሲጨመር 156,000 ሩፒ ይከፍላል። ያው ሰው በሌላ ሳንቲም ግማሽ ሚሊዮን ቢከስር እንኳ ኪሳራው ከትርፉ ስለማይቀነስለት፣ ባዶ እጁን ወጥቶም 156,000 ዕዳ አለበት። ጀርመን ውስጥ ግን ዓመት ሳይሞላቸው የተሸጡ ሳንቲሞች ኪሳራ ከትርፋቸው ላይ ይቀነሳል።

ከጁላይ 2022 ጀምሮ ደግሞ ሕንድ ከሽያጩ ዋጋ 1 በመቶ ቀድሞ እየተቀነሰ እንዲያዝ አዘዘች። ገንዘቡ በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፈለው ግብር ላይ ቢታሰብም፣ በቀን ደጋግሞ ለሚገዛና ለሚሸጥ መነሻ ካፒታሉን እየሸረሸረ የሚጨርስ ነው። ብዙ ነጋዴዎች ወደ ውጭ አገር የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅቶች መፍለሳቸው የሚጠበቅ ነበር። መንግሥትም ተከተላቸው፦ በማርች 2023 መገበያያዎቹን በሕገወጥ ገንዘብ መከላከያ ሕግ ሥር አስገባ፤ በዲሴምበርም ባይናንስን ጨምሮ ለዘጠኝ የውጭ ድርጅቶች ማስጠንቀቂያ ላከ።

በፈቃድ በኩል ጀርመን ቀድማለች። ባፊን የተባለው የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ከ2020 ጀምሮ የሰው ክሪፕቶ በአደራ ለሚይዙ ድርጅቶች ፈቃድ ይሰጥ ነበር። ከዲሴምበር 2024 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የጋራ ደንብ ሙሉ በሙሉ ስለጸና፣ እዚያ ፈቃድ ያገኘ ድርጅት በሌሎቹ የኅብረቱ አገሮችም መሥራት ይችላል። ሕንድ ግብሩን ስትጥል ግን ይህን የመሰለ የፈቃድ ሕግ አልነበራትም።