የገነት ወፍ ምንድን ነው?
ስሙ ከሰማይ የወረደ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የእግር መቆረጥ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1522 ከመርከበኛው ማጌላን ጉዞ የተረፈችው ቪክቶሪያ መርከብ ወደ ስፔን ስትመለስ፣ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ካሉት የማሉኩ ደሴቶች በስጦታ የተላኩ የደረቁ የወፍ ቆዳዎች ይዛ ነበር። አዳኞች ቆዳውን ሲያዘጋጁ እግሩን ይቆርጡት ስለነበር፣ አውሮፓውያን መሬት የማይነካ የገነት ፍጥረት አደረጉት። ለእንስሳትና ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ያወጣ የነበረው ስዊድናዊው ሊኔየስም በ1758 አንዱን ዝርያ «አፖዳ» አለው፤ እግር የለሽ ማለት ነው። ስሙ እስካሁን አለ።

እግርማ አለው፤ ያውም ጠንካራ። ከ40 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ባለችው የኒው ጊኒ ደሴትና በዙሪያዋ ባሉ ደሴቶች፣ ጥቂቶቹ በምሥራቅ አውስትራሊያ ይኖራሉ። በዘር ከቁራ ብዙም አይርቅም ቢባል ማን ያምናል?

በአብዛኞቹ ዝርያዎች ጌጡ ሁሉ የወንዱ ነው። ሴቷ ቡናማ ናት፤ ጎጆ የምትሠራውም፣ ጫጩት የምታሳድገውም ብቻዋን ነው። ወንዱን የምትመዝነው በመልኩና በጭፈራው ነው።

ከዝርያዎቹ መካከል ፓሮቲያ የሚባለውን እንይ። መጀመሪያ የደኑን መሬት ይጠርጋል፤ ቅጠሉንና ጭራሮውን አንድ በአንድ በምንቃሩ እያነሳ ይጥላል። ሴቶቹ ከበላዩ በተጋደመ ቅርንጫፍ ላይ ይሰለፋሉ። እሱ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል፣ የጎኑን ላባ እንደ ቀሚስ ዙሪያውን ይዘረጋል፣ ከራሱ ላይ የበቀሉትን ስድስት ሽቦ መሳይ ላባዎች እያወዛወዘ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከፊት ለሚያየው ሰው ቀሚስ የለበሰ ጨፋሪ ነው። ከላይ ለምታየው ሴት ግን ጥቁር ክብ ነገር ነው፤ ድንገት ከመሃሉ የደረቱ ላባ ቀለሙን እየለዋወጠ ብልጭ ይላል። ተመራማሪዎች ይህን የተረዱት ካሜራቸውን ከላይ ሲሰቅሉ ነው። የአንዳንድ ዝርያዎች ጥቁር ላባማ እስከ 99.95 በመቶ የሚሆነውን ብርሃን ስለሚውጥ፣ አጠገቡ ያለው ቀለም የበራ ይመስላል።

ሴቷ በትውልድ ብዛት እየመረጠች ያሳመረችውን ላባ የባርኔጣ ገበያም ተመኘው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቆዳዎች ከኒው ጊኒ ይወጡ ነበር። አሜሪካ በ1913 ላባ ማስገባትን ከለከለች፤ ብሪታንያም በ1921 ሕግ አወጣች። ወንዱ ሙሉ ጌጡን የሚያወጣው ከበርካታ ዓመታት በኋላ ነው፤ ቡናማዋ ሴትና ገና ያላማሩት ወጣቶች ለባርኔጣ ስለማይሆኑ አዳኝ ብዙም አልፈለጋቸውም። አለማማር ሳይጠቅማቸው አልቀረም።

የኒው ጊኒ ሰዎች ራሳቸውም ላባውን በበዓል ቀን ራሳቸው ላይ ይሰኩታል፤ ከ1971 ጀምሮ ወፉ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ባንዲራ ላይም አለ። የዛሬው ትልቅ ስጋት ግን መጋዝና የዘንባባ ዘይት እርሻ ነው። የዊልሰን የገነት ወፍ የሚገኘው ዋይጌዎና ባታንታ በሚባሉ ሁለት የኢንዶኔዥያ ደሴቶች ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ፓሮቲያ መድረኩን የሚጠርገው ከዛፍ ጥላ ሥር ነው።