ጠመንጃ በምናብ ዓለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በዳይስና በትረካ የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ፣ በተለይም ከ1974 ጀምሮ እየታደሰ የሚታተመው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ እዚህ ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚሰባሰቡ ጥቂት ግን ጽኑ ወዳጆች አሉት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከተጫዋቾቹ አንዱ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ድርጊቱ መሳካት አለመሳካቱን ደግሞ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወስነዋል። አዲስ ዘመቻ (ማለትም በተከታታይ ቀጠሮ የሚጫወቱት አንድ ረጅም ታሪክ) በተጀመረ ቁጥር የሚነሳው ክርክር ግን ያው ነው፤ ንጉሥ፣ አስማተኛና ዘንዶ በሚኖሩበት ዓለም ጠመንጃ ምን ይሠራል? ጠመንጃ አይግባ የሚሉት ወገኖች ከሚያቀርቧቸው ምክንያቶች አብዛኞቹ ከታሪኩም ሆነ ከጨዋታው ሕግ ጋር አይገጥሙም። የሚገጥመውን አንዱን በመጨረሻ እመጣበታለሁ።

«ግንብና ጎራዴ በነበረበት ዘመን ጠመንጃ አልነበረም»

ይህ ከሁሉም የተስፋፋው ስሕተት ነው። የባሩድ አሠራር በቻይና በ1044 በተጠናቀረ የጦር መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ በእንግሊዝ አገር ደግሞ የመድፍ ሥዕል ያለበት የብራና መጽሐፍ በ1326 ተዘጋጅቷል። ብዙዎቻችን «የድሮ ዘመን» ስንል በዐይነ ኅሊናችን የሚመጣው፣ ከራስ እስከ እግር ብረት የለበሰው ፈረሰኛ ግን በዚያ መልኩ የታየው ወደ 1400 ገደማ ነው። ስለዚህ መድፉ ከፈረሰኛው ሙሉ ጥሩር በብዙ ዐሥርት ዓመታት ይቀድማል። ጥሩር ሠሪዎችም ባሩድ መጣብን ብለው ሥራቸውን አልተዉም፤ ይልቁንም የደረት ብረቱን ራሳቸው በጥይት እየመቱ ይፈትኑትና ጥይቱ የተወውን ስርጉድ የጥንካሬው ምስክር አድርገው ለገዢ ያሳዩ ነበር። «ጠመንጃ ከገባ ጥሩር ዋጋ ያጣል» የሚለው ተከታይ መከራከሪያም በዚሁ ይወድቃል።

የአውሮፓው ይቅርና የራሳችንን እንመልከት። የእኛ ተጫዋቾች ዓለሙን በአገርኛ ቀለም ሲሥሉት መጀመሪያ የሚያስገቡት ግንብ የጎንደርን የመሰለ ነው፤ ከዚያም ንጉሡ፣ መኳንንቱ፣ ጋሻ ጃግሬው፣ ጦረኛው ይከተላሉ፤ ነፍጥ ሲባል ግን «እሱ የኋላ ዘመን ነው» ይላሉ። ዐፄ ፋሲል ግንባቸውን ያሠሩት በ1630ዎቹ ነው። ፖርቱጋላዊው የጦር መሪ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ተኳሾች ይዞ ምጽዋ የወረደው በ1541 ነው፤ በማግስቱ ዓመት ኢማም አሕመድ ከኦቶማኖች ተኳሾች አስመጥተው አሸንፈውታል፤ እርሱም ተይዞ ተገድሏል። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት በዚህ ምድር ላይ ነፍጥ ከነፍጥ ጋር ተታኩሷል ማለት ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ፣ በ1896 ዓድዋ ላይ ብዙ አሥር ሺህ ጠመንጃ በተሰለፈበት ጦር ውስጥ ጦርና ጋሻ፣ ጎራዴና ፈረስ አብረው ነበሩ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ጎን ለጎን የኖሩትን ነገሮች «አብረው አይሄዱም» ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

«የጨዋታው ሕግ ጠመንጃን አያውቅም»

ያውቃል። በ1989 የታተመው የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሁለተኛ እትም በጦር መሣሪያ ዝርዝሩ ውስጥ አርክቡስ የሚባለውን ጥንታዊ ጠመንጃ፣ መሪው ከፈቀደ በሚል ገደብ፣ አካቶት ነበር። በ2014 የወጣው የመሪዎች መጽሐፍ ሽጉጥንና መስኬት የሚባለውን ረጅም ጠመንጃ በአማራጭ ሕግነት አቀረበ፤ የ2024ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ደግሞ ሁለቱንም ከቀስትና ከጎራዴ ጋር በዋናው ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባቸው። ከሌሎቹ የምናብ ጨዋታዎችም፣ ከ1986 ጀምሮ የሚታወቀው ዋርሃመር ፋንታሲ ሮልፕሌይ ባሩድን የዓለሙ አካል አድርጎ የተነሣ ነው፤ ፓዝፋይንደር የተባለው ጨዋታም በ2011 ለጠመንጃ ተኳሽ የራሱን የገጸ ባሕርይ መደብ ሰጥቶታል። «መጽሐፉ አይፈቅድም» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ መጽሐፉን ሳይሆን ከሌላ ተጫዋች የሰማውን ነው የሚጠቅሰው።

«ጠመንጃ የያዘ ሁሉንም በአንድ ጥይት ይጥላል»

ሕጉን ገልጦ ማስላት ብቻ ይበቃል። በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የ2014ም ሆነ የ2024 መጻሕፍት መስኬት ባለ 12 ገጽ ዳይስ፣ ረጅም ቀስት ባለ 8 ገጽ ዳይስ ያህል ጉዳት ያደርሳሉ። እዚህ ላይ የቆመ ሰው መስኬቱ በለጠ ይላል። ነገር ግን መስኬት መጉረስ ያለበት መሣሪያ ስለሆነ በአንድ ተራ ከአንድ ጊዜ በላይ አይተኮስበትም። አምስተኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ የማጥቃት መብት አለው። በእያንዳንዱ ምት ጉዳት ላይ የሚደመረው የቅልጥፍና ጭማሪው 4 ነው እንበል፤ ሁለት ቀስት ወርውሮ ሁለቱም ቢመቱለት በአማካይ 17 ነጥብ ጉዳት ያደርሳል፣ በመስኬት ግን በአንዷ ጥይቱ 10 ተኩል ብቻ። የማጉረሱን ገደብ የሚያነሣ ልዩ ችሎታ ካልመረጠ በቀር ጠመንጃው ቀስቱን አይደርስበትም። በርቀትም ቢሆን መስኬት ያለ ችግር የሚመታው እስከ 40 ጫማ፣ ማለትም 12 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቀስቱ እስከ 150 ጫማ፣ 45 ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚያው ደረጃ ላይ ያለ አስማተኛ ደግሞ የእሳት ኳስ ወርውሮ 6 ሜትር ዙሪያ የቆመውን ሁሉ በአማካይ በ28 ነጥብ ይለበልበዋል፤ በእርሱ የሚከራከር ተጫዋች ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ስጋቱ ከየት እንደመጣ መናገር ይገባል። በ2011ዱ የፓዝፋይንደር ሕግ ጠመንጃ በቅርብ ርቀት ሲተኮስ የጥሩርን መከላከያ አልፎ ይቆጠር ስለነበር፣ ተኳሹ ብዙም አይስትም ነበር። በዚያ ሕግ የተቃጠለ ሰው ጠመንጃን ቢጠላ አይፈረድበትም። ያም ሕግ ቢሆን ግን ዳይሱ ዝቅተኛ ቁጥር ሲያወጣ መሣሪያው እንዲከሽፍና እንዲበላሽ ያደርግ ነበር።

እኛ ጅማ ላይ የጨመርነው አንድ ሕግ አለ፤ ክር እየጨሰ ባሩድ በሚለኩስበት ጠመንጃ የሚዋጋ ገጸ ባሕርይ ዝናብ ላይ ሲተኩስ መጀመሪያ ለክሩ ዳይስ ይጥላል። አንድ ጊዜ ጎጀብን የመሰለ ወንዝ ማዶ የቆሙ ሽፍቶችን አነጣጥሮ የተዘጋጀ ተጫዋች ለክሩ ሲጥል 3 ወጣበት። ክሩ ጠፋ፤ ጠመንጃውን እንደ ዱላ ይዞ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ጓደኞቹም እስኪበቃቸው ሳቁበት። እንደ ጅማ ዓመቱን ብዙ ወር የሚዘንብበት ዓለም የገነባ መሪ ተኳሹን ለማዳከም ሌላ ዘዴ መፈለግ የለበትም።

«ጠመንጃ ጀግንነትን ያጠፋል»

መከራከሪያው እንዲህ ይላል፤ ጎራዴ የልብ መሣሪያ ነው፣ ጠመንጃ ግን ማንም ፈሪ ከሩቅ ሆኖ ጀግናን የሚጥልበት ነው። ይህ አስተሳሰብ ከሌላ አገር ተረት የተቀዳ ይመስለኛል። በአማርኛ ቀረርቶና ፉከራ ውስጥ ያደገ ጆሮ ጠመንጃን ከጀግናው ነጥሎ አይሰማውም፤ ፎካሪው ሰናድሩንና ውጅግራውን እንደ ፈረሱ በስም ያነሣል፣ አልሞ መምታትም ራሱ የሚፎከርበት ሙያ ነው። ስለዚህ የእኛን ወግ ተከትሎ የተሠራ የጀግና ገጸ ባሕርይ ጠመንጃ ቢይዝ ክብሩ አይቀንስም። ጀግና በጥይት መውደቁም ቢሆን ታሪኩን አያረክሰውም። በ1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድ በጥይት ተመትተው ሲወድቁ የጦርነቱ ዕጣ በአንድ ቀን ተገልብጧል፤ የዐፄ ገላውዴዎስ ወገን የሚተርከውም ሆነ የኢማሙ ወገን የሚያለቅሰው ያንኑ ቀን ነው።

«ጠመንጃ አንዴ ከገባ ሁሉም ይታጠቃል፣ ዓለሙም ይለወጣል»

ከሁሉም በላይ ልቆይበት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ለታሪክ ፈጣሪ የሚጠቅመው ሁሉ ያለው በዚህ ስሕተት ተቃራኒ በኩል ነው። ጠመንጃ ዓለም ውስጥ መኖሩና በእያንዳንዱ ሰው እጅ መኖሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባሩድና ጥይት በንግድ መንገድ ይመጣሉ፤ መንገዱን የያዘ ያገኛል፣ ያልያዘ ያጣል። ከጅማ ሆኖ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1880ዎቹ ለንጉሥ ምኒልክ ገብረው ግዛታቸውን ራሳቸው እያስተዳደሩ እስከ 1932 ዘልቀዋል። ከጎጀብ ማዶ ያለው የከፋ ንጉሥ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። የከፋ መንግሥት ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በአጥር ያጠረ፣ በሩን በጠባቂ የሚያስጠብቅ ኃያል አገር ነበር፤ ይሁንና በ1897 የምኒልክ የጦር መሪ የነበሩት የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ሲገባበት በእጁ የነበረው ጠመንጃ እጅግ ጥቂት ነበር። ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ተዋግቶ በመጨረሻ ተያዘ።

እነዚህን ሁለት ነገሥታት ስማቸውን ቀይሮ፣ አንድ ዘንዶና አንድ ጠንቋይ ጨምሮ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። ተጫዋቾቹ ከገባሪው ንጉሥ ወገን ናቸው ወይስ ቦይ ከሚቆፍረው? የባሩዱ ነጋዴ ለሁለቱም እየሸጠ እንደሆነ ያውቃሉ? ጠመንጃ የሌለበት ዓለም እነዚህን ጥያቄዎች በዚህ ጥራት አያነሣም። የመሣሪያው ክብደት ራሱ ጀብዱ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ከ1867 መገባደጃ እስከ 1868 መጋቢት ድረስ በሰው ጉልበት፣ በገደልና በዳገት ተጎትቷል። እንዲህ ያለውን ጉዞ በየምዕራፉ ከፋፍሎ ማጫወት የማይችል መሪ ቢኖር የሚያጥረው መድፍ አይደለም።

«ጠመንጃ የማይፈልግ ተጫዋች ታሪክ አያውቅም»

ይህኛው የእኛ፣ የጠመንጃ ደጋፊዎቹ ስሕተት ነው፤ ክርክር ስናሸንፍ የምንወረውረው። አንድ ሰው ታሪኩን ጠንቅቆ እያወቀ ጨዋታው ተረት ተረት እንዲሸት ብቻ ሊፈልግ ይችላል፤ ያ የጣዕም ጉዳይ ነው፣ ለጣዕምም ማስረጃ አይጠየቅም። ከዚህ የሚከብድ ምክንያት ያለውም አለ። በአገራችን የጠመንጃ ድምፅ ለብዙ ሰው የሩቅ ዘመን ጉዳይ አይደለም፤ ከጠረጴዛችን ተጫዋቾች አንዱ «ዘንዶውን አምጡ፣ ጠመንጃውን ግን ተዉልኝ» ሲል ለምን ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ መጠየቅም አይገባም ነበር። ሌሎቹ መከራከሪያዎች ሊሞገቱ ይችላሉ፤ ይህ ግን ከተነሣ ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

በመሆኑም መሪው ጥያቄውን ገጸ ባሕርያት ከመፈጠራቸው በፊት ለሁሉም ማቅረብ አለበት፤ ተኳሹ ከተሠራ በኋላ ከተነሣ አንዱ ወገን መበሳጨቱ አይቀርም። በግልጽ መናገር ያሳፈረው ሰው ቢኖር ለብቻው ለመሪው ቢነግር ይበቃል። ሁሉም ከተስማሙ ሽጉጡን ለመቶ አለቃው፣ መስኬቱን ለንጉሡ ዘብ፣ ባሩዱን ለነጋዴው ሰጥቶ መጀመር ይቻላል፤ ካልተስማሙም ቀስት አለ፣ አምስተኛ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ይወረወራል።